የብልሽት ሪፖርቴ ተገልብጦ ተነበበ፤ «ሪዘልት ኢን» እና «ሪዘልት ፍሮም» እንዴት ነው የሚለዩት?

የማታ ፈረቃ | ኮምቦልቻ | ማክሰኞ ማታ 2፡40

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ኮምቦልቻ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ ነው የምሠራው። የአንድ መስመር ሱፐርቫይዘር ነኝ። ማሽን ሲበላሽ ምክንያቱን በእንግሊዝኛ ጽፌ ለኃላፊያችን እሰጣለሁ። ኃላፊው የውጭ ዜጋ ስለሆነ አማርኛ አይሰማም።

ባለፈው ሳምንት የአንዱ ማሽን ቺንጋ ተበጠሰ። አርጅቶ ነበር። ማሽኑ ቆመ፤ መስመሩም በሙሉ 40 ደቂቃ ሥራ ፈታ። እኔ የጻፍኩት ይኸው፦ «ዘ ብሮክን ቤልት ሪዘልትድ ፍሮም ዘ ማሽን ስቶፕ»። በልቤ «ቺንጋው ተበጥሶ ማሽኑ ቆመ» ማለቴ ነው። ኃላፊው ግን ማሽኑ በድንገት በመቆሙ ቺንጋው ተበጠሰ ብሎ ተረዳው። ታዲያ ማሽኑን ማን አቆመው? ኦፕሬተሯ። ልጅቷ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተሰጣት።

ሥራ ከጀመረች ገና አራት ወሯ ነው። ምንም ያጠፋችው ነገር የለም። በእኔ ሁለት ቃል ነው የተቀጣችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። ሪፖርቱን አርሜ እንደገና ላስገባ ነው፤ ግን ዳግም እንዳልሳሳት ፈራሁ። ቢኮዝን፣ ሶን፣ ዜርፎርን ትምህርት ቤት ተምሬያቸዋለሁ። የትኛው የት እንደሚገባ ነው ግራ የሚገባኝ። የምታውቁ እባካችሁ እርዱኝ።

---

ቦርከና | ኮምቦልቻ | ማክሰኞ ማታ 3፡05

እህቴ፣ አይዞሽ። እኔም መካኒክ ነኝ፤ የሌላ ፋብሪካ። ይኼ ነገር እኔንም አስጨንቆኛል፤ መፍትሔ ያገኘሁት በሥዕል ነው።

ከመጻፌ በፊት ወረቀት ላይ ቀስት እሥላለሁ። ቺንጋ ተበጠሰ፣ ቀስት፣ ማሽን ቆመ። የቀስቱ ጫፍ ሁልጊዜ ውጤቱ ላይ ነው። «ሪዘልት ኢን» ሲባል ቀስቱ ወደፊት ይሄዳል። ፊት ያለው ምክንያት፣ ኋላ የሚመጣው ውጤት። «ሊድ ቱ» እና «ኮዝ»ም እንደዚያው ናቸው። «ሪዘልት ፍሮም» ላይ ቀስቱ ይዞራል። ፍሮም ማለት «ከ» አይደል? «ይኼ ነገር ከየት መጣ?» ብለሽ ጠይቂ። ከፍሮም ቀጥሎ ያለው ነው ወላጁ።

ስለዚህ ያንቺ «ዘ ብሮክን ቤልት ሪዘልትድ ኢን ዘ ማሽን ስቶፕ» መሆን ነበረበት። የተሳሳትሽው አንዲት ቃል ብቻ ናት።

---

የጦሳ ሥር ልጅ | ደሴ | ማክሰኞ ማታ 3፡20

ሪዘልት ምናምን ለምን ትጨነቂያለሽ? ቢኮዝ ኦቭ ብለሽ ገላገይው። «ዘ ማሽን ስቶፕድ ቢኮዝ ኦቭ ዘ ቤልት ብሮክ»። አለቀ። ሁሉም ሰው ይገባዋል።

---

መምህር ነኝ | ደሴ | ማክሰኞ ማታ 4፡00

ልጆቼ፣ እንደምን አመሻችሁ። ደሴ ውስጥ 26 ዓመት እንግሊዝኛ አስተምሬያለሁ። የጦሳ ሥር ልጅ፣ የሰጠኸው ምክር ቀና ነው፤ ዓረፍተ ነገሩ ግን ስህተት አለበት። ተማሪዎቼ ሁሉ እዚያው ቦታ ላይ ነው የሚሰናከሉት።

ከ«ቢኮዝ ኦቭ» ቀጥሎ ስም ብቻ ነው የሚገባው። «ቢኮዝ ኦቭ ዘ ብሮክን ቤልት»፣ በተበጠሰው ቺንጋ ምክንያት። ባለቤትና ግስ ያለው ነገር ከመጣ «ኦቭ» ትወጣለች። «ቢኮዝ ዘ ቤልት ብሮክ»፣ ቺንጋው ስለተበጠሰ።

ለምን እንደምንሳሳት ብዙ አስቤበታለሁ። ስንፍና አይደለም። የራሳችን ቋንቋ ነው የሚጎትተን። በአማርኛ «በዝናብ ምክንያት» እንላለን። «በመዝነቡ ምክንያት»ም እንላለን። ሁለቱም ላይ «ምክንያት» አለ። ተማሪው «በ...ምክንያት» ማለት «ቢኮዝ ኦቭ» ነው ብሎ ይይዛል፤ ልክም ነው። ከዚያ «በመዝነቡ»ን ሲተረጉም «ኢት ሬይንድ» ይላል። ልብ በሉ፣ አማርኛው ግሱን እንዲሁ አልተወውም። «ዘነበ»ን «መዝነብ» አድርጎ፣ ወደ ስም ለውጦ ነው «በ»ን የሰጠው። እንግሊዝኛም የሚጠይቀው ያንኑ ነው። ሕጉ አንድ ነው፤ እኛ የራሳችንን ሳናስተውል ነው የምንናገረው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይኼን ሳስተምር ሁልጊዜ ደስ ይለኛል። «ቢኮዝ» ራሱ ጥንት ሁለት ቃል ነበር፤ «ባይ» እና «ኮዝ»። «በ» እና «ምክንያት» ማለት ነው። ቁርጥ የኛው «በምክንያት»። «ዜርፎር»ም እንደዚሁ «ዜር» እና «ፎር» ናቸው። የኛ «ስለዚህ» ደግሞ «ስለ» እና «ዚህ»። «አውትካም» የሚሉት «የወጣ» ነው፤ «ውጤት»ም ከ«ወጣ» ነው የመጣው። ሩቅ ለሩቅ ያሉ ሕዝቦች አንድ ዓይነት ቃል ሲሠሩ ማየት እንዴት ደስ ይላል!

---

ሐይቅ ዳር | ማክሰኞ ማታ 4፡30

መምህር፣ አላህ ዕድሜ ይስጥዎት። እኔ የ12ኛ ክፍል ተማሪ እናት ነኝ። ዘንድሮ ይፈተናል። ድርሰቱን ሳየው «ቢኮዝ አይ ዋዝ ሲክ ሶ አይ ዲድ ኖት ካም» ብሎ ጽፏል። ለእኔ ልክ ይመስለኛል። አስተማሪው ግን በቀይ ሰርዞበታል። «ዛትስ ዋይ» የሚለውንም ከብቦበታል። ልጁ ሊጠይቅ ያፍራል፤ እኔ ልጠይቅለት ብዬ ነው።

---

ሰኞ ገበያ | ደሴ | ማክሰኞ ማታ 4፡50

እናቴ፣ መምህር እስኪመለሱ እኔ ልሞክር። ቤት ለቤት አስጠናለሁ።

እንግሊዝኛ ሁለቱን ዓረፍተ ነገሮች ለማጋጠም አንድ ቃል ይበቃዋል። ወይ ቢኮዝ፣ ወይ ሶ። ሁለቱ አንድ ላይ አይገቡም። አማርኛ ግን ድርብ ማሰሪያ አይከብደውም። «አልመጣሁም፤ ምክንያቱም ስላመመኝ ነው» እንላለን። «ምክንያቱም» አለ፣ «ስለ»ም አለ፣ መጨረሻ ላይ «ነው»ም ተጨምሯል። ማንም አይሰርዝብንም። ልጅዎ የለመደውን ነው የጻፈው። ከሁለቱ አንዷን ያውጣት፤ የትኛዋም ብትወጣ ልክ ይሆንለታል።

«ዛትስ ዋይ» ደግሞ ልክ ቦርከና እንዳለው የቀስት ነገር ነው። ለተማሪዎቼ የማሳያቸው በራሳችን አገር ነው። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ገደማ። ኮምቦልቻ ዝቅ ስላለች ትሞቃለች። ከዝቅታው ከጀመርን «ኮምቦልቻ ኢዝ ሎወር። ዛትስ ዋይ ኢት ኢዝ ሆተር»። ለዚህ ነው የምትሞቀው ማለት ነው። ከሙቀቱ ከጀመርን ግን «ኮምቦልቻ ኢዝ ሆተር። ዛትስ ቢኮዝ ኢት ኢዝ ሎወር»። ዝቅ ስላለች ነው። ከዋይ ቀጥሎ ውጤት፣ ከቢኮዝ ቀጥሎ ምክንያት። ቢገለበጡ ኮምቦልቻ ዝቅ ያለችው ስለሞቀች ነው ማለት ይሆናል።

ሌላም አለ። ባለፈው አንዲት ተማሪዬ «ዘ ኦኒየን ክራይድ ሚ» ብላ ጻፈች። ሽንኩርቱ አስለቀሰኝ ማለቷ ነው። ዓረፍተ ነገሩን ሳየው ቆም አልኩ። አማርኛ ምክንያቱን ግሱ ውስጥ ይከተዋል። አለቀሰ፣ አስለቀሰ። ደረቀ፣ አደረቀ። በላ፣ አበላ፣ አስበላ። አንዲት «አ» ወይም «አስ» ገብታ ጠቅላላውን የምክንያት ሥራ ትሠራለች። እንግሊዝኛ «ክራይ»ን እንደዚያ ማድረግ አይችልም። «ሜክ»ን ከውጭ ይጠራል፤ «ዘ ኦኒየን ሜድ ሚ ክራይ»። ከሜክ በኋላ ደግሞ «ቱ» አይገባም። «ኮዝ» ከሆነ ግን «ቱ» ይፈልጋል። አማርኛ ላይ «አስ» የምትል ግስ ወደ አፋችሁ ከመጣች «ሜክ ያስፈልገኝ ይሆን?» ብላችሁ ጠይቁ።

---

የማታ ፈረቃ | ኮምቦልቻ | ረቡዕ ጠዋት 1፡15

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ሌሊቱን ስሠራ አድሬ አሁን ነው ያየሁት። የ«አስ» ነገር በጣም ገባኝ። «ልጄን አስተኛሁት» ለማለት ስንት ጊዜ «አይ ስሌፕት ማይ ቻይልድ» ብያለሁ!

---

የጦሳ ሥር ልጅ | ደሴ | ረቡዕ ጠዋት 3፡00

መምህር፣ እርማቱን ተቀብያለሁ፤ አመሰግናለሁ። አንድ ጥያቄ ግን አለኝ። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አንድ አስተማሪያችን «ዲዩ ቱ» ዓረፍተ ነገር መጀመሪያ ላይ አይገባም ብለው ነጥብ ቀንሰውብኛል። ጋዜጣ ላይ ግን በየቀኑ አየዋለሁ። የቱ ነው ልክ?

---

መምህር ነኝ | ደሴ | ረቡዕ ቀን 6፡30

አንተም አስተማሪህም ልክ ናችሁ። የድሮው ሕግ «ዲዩ ቱ» ስምን የሚገልጽ ቅጽል ነው ይላል። ስለዚህ ከ«ኢዝ» ወይም ከ«ዋዝ» በኋላ ነው ቦታው። «ዘ ዲሌይ ዋዝ ዲዩ ቱ ፎግ»፣ መዘግየቱ በጉም ምክንያት ነበር። መጀመሪያ ላይ ከፈለግህ «ኦዊንግ ቱ» በል ይሉ ነበር። ዛሬ መዝገበ ቃላቱ ሁለቱንም ይቀበላሉ፤ ሰዉም ይጽፈዋል። እኔ ለተማሪዎቼ የምለው፣ ፈተና ላይ ከ«ዋዝ» በኋላ አስገቡት፤ እዚያ ቦታ ላይ ማንም ነጥብ አይቀንስባችሁም።

«ዜርፎር» ላይ የምለው አጭር ነው። ሁለት ሙሉ ዓረፍተ ነገሮችን በነጠላ ሰረዝ ብቻ አያጋጥምም። ነጥብ ወይም ድርብ ሰረዝ ከፊቱ ይቁም።

«አፌክት» እና «ኢፌክት»ንም ከመርሳቴ በፊት። በ«አ» የሚጀምረው ግስ ነው፤ «አደረገ»ን አስታውሱ። በ«ኢ» የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ ስም ነው። «ዘ ፎግ አፌክትስ ድራይቨርስ»፤ «ዘ ፎግ ሀዝ አን ኢፌክት ኦን ድራይቨርስ»። ስም ሲሆን «ኦን» ይከተለዋል፤ ግስ ሲሆን «ኦን» አይከተለውም። «አፌክትስ ኦን» ብላችሁ እንዳትጽፉ።

---

አይጠየፍ | ደሴ | ረቡዕ ማታ 1፡40

እኔ የታሪክ መምህር ነኝ። የእንግሊዝኛውን ለባለሙያዎቹ ትቼ ስለ ቃላቱ ክብደት ልናገር። ተማሪዎቻችን ሁሉን ነገር «ኮዝድ» ይላሉ። ይኼ ያሳስበኛል፤ በተለይ የወሎን ታሪክ ሲጽፉ።

ለምሳሌ «ዘ ወሎ ፋሚን ኮዝድ ዘ 1966 ሬቮሉሽን» ብለው ይጽፋሉ። ረሃቡ አብዮቱን አመጣው ማለት ነው። ረሃቡ ትልቅ ድርሻ ነበረው። መደበቁም ሕዝቡን አስቆጥቷል። ግን ብቻውን አልነበረም። በጥር 1966 ነገሌ ቦረና ላይ ወታደሮች አምፀዋል። የቤንዚን ዋጋ ጨምሮ የታክሲ ነጂዎች ሥራ አቁመዋል። መምህራን «ሴክተር ሪቪው» የተባለውን የትምህርት ለውጥ ዕቅድ ተቃውመዋል። ንጉሠ ነገሥቱ መስከረም 2 ቀን 1967 ከዙፋን እስኪወርዱ ድረስ ብዙ ነገር ተደራርቧል። ስለዚህ ልኩ ቃል «ኮንትሪቢዩትድ ቱ» ነው፤ አስተዋጽኦ አደረገ። «ኮዝድ» ሲሉ የሌሎቹን ሁሉ ድርሻ ለአንዱ ሰጡት።

ክፉ ቀንን ደግሞ እዩት፤ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም.። የከብት በሽታ ገባ። በሬዎች አለቁ። በሬ ሲያልቅ እርሻ ቆመ። እርሻ ሲቆም እህል ጠፋ። በዚያ ላይ ድርቅና አንበጣ ነበር። ይኼ የሰንሰለት ታሪክ ነው። እዚህ ላይ «ሊድ ቱ» ጥሩ ቃል ነው፤ አንዱ ወደ ሌላው እየመራ መሄዱን ያሳያል። በሽታው በቀጥታ ሰው አልገደለም። በሬውን ገደለ፣ በሬው ማረሻውን አስቆመ፣ ማረሻው ሲቆም ሰው ተራበ። ተማሪ ቀለበቱን አንድ በአንድ ከጻፈ ታሪኩ ገብቶታል ማለት ነው። መሐሉን ዘሎ «በሽታው ሰው ጨረሰ» ካለ ግን የከብቱ በሽታ ሰውንም የያዘ ያስመስለዋል።

እህታችን የማታ ፈረቃ፣ ያንቺም ሪፖርት እንዲሁ ነው። ያረጀ ቺንጋ፣ የተበጠሰ ቺንጋ፣ የቆመ ማሽን፣ የቆመ መስመር። አራት ቀለበት ነው። አራቱንም በየተራ ጻፊያቸው። አንዱ ሲዘለል ነው ጥፋቱ ሰው ላይ የሚለጠፈው።

---

ቦርከና | ኮምቦልቻ | ረቡዕ ማታ 2፡00

የመጨረሻዋን ነገር ወደድኳት። እኛ ጋ «ለምን?» ብሎ ደጋግሞ መጠየቅ ይባላል። ማሽኑ ለምን ቆመ? ቺንጋው ተበጠሰ። ለምን ተበጠሰ? አርጅቶ ነበር። ለምን አልተቀየረም? ብዙ ጊዜ መልሱ ያለው እዚያ ነው።

---

መድረሳ ያደገ | ደሴ | ረቡዕ ማታ 2፡45

አሰላሙ አለይኩም። አንድ ነገር ጨምሬ ልለፍ። «ሰበብ» በዐረብኛ ምክንያት ማለት ነው። አማርኛ ውስጥ ስትገባ ግን «ማመካኛ» ሆናለች። «ሰበብ አታብዛ» ይባላል። እኛ ወሎዎች ግን ዋናውን ትርጉም አልጣልነውም፤ «ሰበቡን አድርስ፣ ቀሪው የአላህ ነው» እንላለን።

አማርኛ ምክንያትን ሲናገር ፍርድም አብሮ ይሰጣል። «በእሱ ዳፋ» ካልን ሌላ ሰው አጥፍቶ እኛ ተቀጣን ማለት ነው። «በእሱ መዘዝ»፣ «በእሱ ጦስ» ክፉ ናቸው። «በእሱ ዱዓ» ግን መልካም ነው። እንግሊዝኛም የራሱ አለው። «ታንክስ ቱ» ለመልካም ነገር ነው። የፋብሪካ ሪፖርት ላይ «ታንክስ ቱ ዘ ኦፕሬተር ዘ ማሽን ስቶፕድ» ቢባል ስላቅ ይሆናል። «ቢኮዝ ኦቭ» ግን ሚዛኑ መሐል ላይ ነው። እና እህቴ፣ በሪፖርትሽ ከ«ቢኮዝ ኦቭ» በኋላ የሰው ስም እንዳታስገቢ፤ ዕቃውን አስገቢ። ያቺ ልጅ በአንድ ዳፋ ተጎድታለች፤ ሁለተኛ አይድረስባት።

---

የማታ ፈረቃ | ኮምቦልቻ | ረቡዕ ማታ 4፡10

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ቀስቶቹን ሥዬ፣ ቀለበቶቹን ቆጥሬ ይኼን ጻፍኩ፤ እዩልኝ።

«ዘ ቤልት ዋዝ ኦልድ። አዝ ኤ ሪዘልት፣ ኢት ብሮክ። ዚስ ኮዝድ ዘ ማሽን ስቶፕ። ዘ ላይን ዋዝ አይድል ፎር 40 ሚኒትስ ቢኮዝ ዘ ማሽን ስቶፕድ። ዘ ኦፕሬተር ዲድ ኖት ስቶፕ ዘ ማሽን።»

---

ሰኞ ገበያ | ደሴ | ረቡዕ ማታ 4፡20

ጎበዝ! ሦስተኛው ላይ ብቻ «ቱ» ጨምሪ፦ «ዚስ ኮዝድ ዘ ማሽን ቱ ስቶፕ»። ኮዝ «ቱ» ይፈልጋል። የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር እንዳትቀንሻት፤ ልጅቷን ነፃ የምታወጣት እሷ ናት።

---

የማታ ፈረቃ | ኮምቦልቻ | ዓርብ ማታ 1፡30

ዛሬ ተጠራሁ። ኃላፊው ሁለቱን ሪፖርቶች ጎን ለጎን አስቀምጦ አነበበ። ከዚያ የቺንጋውን ቁራጭ አስመጥቶ አየው፤ ዳር ዳሩ ተሰነጣጥቋል። የልጅቷ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ከፋይሏ ወጥቷል። ስነግራት እጄን ይዛ ዝም ብላ ቆየች። እኔም ዝም አልኩ።

ቦርከና እንዳለው ግን ሦስተኛው «ለምን?» መጣ። ቺንጋው አርጅቶ ሳለ ለምን አልተቀየረም ተብዬ ለነገ ጻፊ ተባልኩ። መለዋወጫው ከመጋዘን ስላልመጣ ነው፤ የጠየቅኩት ቺንጋው ከመበጠሱ በፊት በነበረው ማክሰኞ ነው። «ሲንስ ዘ ስፔር ቤልት ዲድ ኖት አራይቭ» ብዬ ልጀምር?

---

መምህር ነኝ | ደሴ | ዓርብ ማታ 2፡00

እታለም፣ እንኳን ደስ ያለሽ። «ሲንስ»ን እዚህ ተያት። «ከ...ጀምሮ» ማለትም ትሆናለች፤ አጠገቧ ማክሰኞ የሚል ቀን ካለ አንባቢው ጊዜ እየቆጠርሽ ሊመስለው ይችላል። «ቢኮዝ» በይ። መለዋወጫውን የጠየቅሽበትን ቀንም አስገቢ፤ ከኋላው ቅጂውን አያይዢ።